የሜምፊስ ከተማ ደብልዩ ዲ አይ ኤ ራዲዮ ጣቢያ፤ ታሪኩና የፕሮግራሙ ሥርዐት

የአንድን ሕዝብ አኗኗር ለመመርመር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ወደ ገበያው፣ ወደ ለቅሶው፣ ወደ ሸንጎውና ወደ ደጀ ሰላሙ ይሄዳል፤ ሰው የሚገናኘውና የሚነጋገረው በእነዚህ ቦታዎች ነውና። ባለፈው ምዕት ዓመት ግን ሰዎች ፊት ለፊት ሳይተያዩ የሚሰበሰቡበት ሌላ ሸንጎ ተፈጠረ፤ እርሱም የራዲዮ ጣቢያ ነው። ስለ ራዲዮ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመሣሪያው ኀይልና መንግሥታት በእርሱ የሚያሰሙት ስብከት ነው። ይሁን እንጂ አንድ የከተማ ጣቢያ ባካባቢው ሕዝብ ኑሮ ውስጥ የያዘው ቦታ ከዚህ ያላነሰ ምርመራ የሚገባው ነገር ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በአሜሪካ፣ በቴኔሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ የተቋቋመውን ደብልዩ ዲ አይ ኤ የተባለውን ጣቢያ ነው። ይህን ጣቢያ የመረጥንበት ምክንያት በታወቀበት ዘመን ባለቤቶቹ ነጮች፣ ተናጋሪዎቹና አድማጮቹ ግን ጥቁሮች ስለ ነበሩ ነው። ስለዚህም ርስቱ የአንዱ፣ ድምፁ የሌላው የሆነ ነገር በእውነት የማን ነው ይባላል? የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር ይመቻል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከተማውና ሕዝቡ

ሜምፊስ በሚሲሲፒ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር፣ በቴኔሲ ግዛት ደቡብ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። የቆመችውም በጥጥ ንግድ ነው። ከከተማዋ በስተ ደቡብ የሚሲሲፒ ዴልታ የሚባለው ለም ሜዳ ይዘረጋል። በዚያ ሜዳ ላይ የባርነት ዘመን ካለፈ በኋላም ብዙዎቹ ጥቁሮች በሌላ ሰው መሬት ላይ የእኩል አራሾች ሆነው፣ ከዓመት ዓመት ከዕዳ ሳይወጡ ይኖሩ ነበር። በ1950 በተደረገው ቆጠራ የሜምፊስ ነዋሪ ከ390,000 በላይ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከሦስት አንዱ እጅ የሚበልጠው ጥቁር ነበር።

በዚያን ዘመን ሕጉም ልማዱም ጥቁሩንና ነጩን በትምህርት ቤት፣ በአውቶቡስ፣ በሆስፒታልና በመናፈሻ ለይቶ ያኖር ነበር። ከዚህ ሁሉ መለያየት ውስጥ ለጉዳያችን በተለይ የሚጠቅመው የአጠራር ነገር ነው። በደቡቡ አገር ነጩ ጥቁሩን በዕድሜ የቱንም ያህል ቢበልጠው «ሚስተር» ወይም «ሚስስ» ብሎ አይጠራውም ነበር፤ ሽማግሌውን «አንተ ልጅ»፣ ባልቴቲቱን በመጠሪያ ስሟ ብቻ ይጠራ ነበር። ከደቡቡ ጋዜጦችም ብዙዎቹ ይህንኑ ልማድ ይከተሉ ነበር፤ የጥቁሩን ስም የሚያወጡት በወንጀል በተከሰሰ ጊዜ እንጂ በሠርጉ ወይም በሞቱ ቀን አልነበረም ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይደለም። «አንተ» እና «እርስዎ»ን በጥንቃቄ የሚለየው ያማርኛ አንባቢ የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት አይቸግረውም።

የጥቁሮቹ የከተማ ሕይወት ማዕከል ቢል ጎዳና ነበር። ሱቁ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የጠበቃው ቢሮ፣ የዘፈን ቤቱና የቁማር ቤቱ በዚያ ተደርድረው ይገኙ ነበር። በዚሁ ጎዳና በሚገኘው የፓላስ ቲያትር ቤት ጀማሪ ዘፋኞች የሚወዳደሩበትን ምሽት ይመሩ ከነበሩት አንዱ የብከር ቲ. ዋሺንግተን ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪና ለጥቁሮች ጋዜጦች ጽሑፍ ያዘጋጁ የነበሩት ሚስተር ናት ዲ. ዊልያምስ ነበሩ።

የጣቢያው አመሠራረት

ጣቢያው ሥራውን የጀመረው ሰኔ 7 ቀን 1947 ነው። ባለቤቶቹ ሚስተር ጆን ፔፐርና ሚስተር በርት ፈርግሰን የተባሉ ሁለት ነጮች ነበሩ። ማሰራጫው 250 ዋት ብቻ ስለ ነበረ ድምፁ ከከተማውና ከዙሪያው አልፎ ርቆ አይሄድም ነበር። የተፈቀደለትም ሞገድ 730 ኪሎ ኸርዝ፣ ሰዓቱም ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያዋ ነበር። የዚህ ምክንያቱ የመካከለኛው ሞገድ ጠባይ ነው፤ ይኸውም ሞገዱ በቀን የመሬቱን ገጽ ተከትሎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ይደክማል፤ በሌሊት ግን ከላይኛው አየር ተንፀባርቆ በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ባንድ ሞገድ ላይ ያሉ የተለያዩ ከተሞች ጣቢያዎች በሌሊት እንዳይደናቀፉ፣ መንግሥት ትንንሾቹን ፀሐይ ስትጠልቅ እንዲዘጉ ያዛቸዋል።

ጣቢያው በመጀመሪያው ዓመት እንደ ሌሎቹ ለነጮች የሚሆን ዘፈን ያሰማ ነበር። ነገር ግን በከተማው ቀድመው የቆሙ ትልልቅ ጣቢያዎች ስለ ነበሩ አድማጭም ማስታወቂያ ሰጪም አላገኘም፤ ሊዘጋም ተቃረበ። በዚህ ጊዜ ሚስተር ፈርግሰን ከከተማው ሕዝብ ከሦስት አንዱን የሚበልጠው ክፍል ማንም የማያነጋግረው መሆኑን ተመለከቱ። ይህን ያደረጉት ገበያ ፈልገው እንጂ የመብት ጉዳይ አስጨንቋቸው አልነበረም፤ የታሪክ ጸሐፊም ይህን መሸፈን አይገባውም። ሆኖም ነጋዴው ትርፍ ፍለጋ የሚከፍተው በር አንዳንድ ጊዜ ካሰበው በላይ ሰው ያስገባል።

ጥቅምት 25 ቀን 1948 ከቀትር በኋላ ሚስተር ዊልያምስ «የጠይም ከተማ» የተባለውን የዘፈንና የጨዋታ ፕሮግራም ይዘው በማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጡ። የሚጀምሩበት ምልክት በተሰጣቸው ጊዜ ያዘጋጁት ንግግር ሁሉ ከአእምሯቸው ስለ ጠፋ፣ ሌላ ቢያጡ ከልባቸው ሳቁ። ያ ከት ከት ያለ ሳቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ መለያቸው ሆኖ ቀረ። በሜምፊስ ጥቁር ሰው የዘወትር የራዲዮ ተናጋሪ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ስለ ነበረ፣ ከነጮች አድማጮች የተቃውሞና የዛቻ ስልክ መጣ። ባለቤቶቹ ግን አላቋረጡትም። ከጥቁሮቹ የመጣው መልስ እጅግ ታላቅ ስለ ነበረ ፕሮግራሙ በየሳምንቱ ተጨመረ፤ በ1949ም የጣቢያው ፕሮግራም በሞላው ወደ ጥቁር አድማጮች ዞረ።

ከዚህ በፊት በሌሎች ከተሞች ጥቁር የራዲዮ ተናጋሪ አልነበረም ማለት አይደለም። በሺካጎ ሚስተር ጃክ ኩፐር ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የራሳቸው ፕሮግራም ነበራቸው። የሜምፊሱን ልዩ የሚያደርገው ከማለዳ እስከ ማታ ያለውን ጊዜ ሁሉ ለጥቁር አድማጭ የሰጠ የመጀመሪያው ጣቢያ መሆኑ ነው። በጥቅምት 1949 ደግሞ በአትላንታ ከተማ ሚስተር ጄሲ ብሌይተን የተባሉ ጥቁር ደብልዩ ኢ አር ዲ የተባለውን ጣቢያ ገዝተው፣ በባለቤትነት የመጀመሪያው ሆኑ። አንዱ በድምፅ፣ ሌላው በርስት ቀደሙ ማለት ነው።

የቀኑ ፕሮግራም ሥርዐት

የጣቢያው ቀን እንደ ሠራተኛው ቀን የተከፋፈለ ነበር። በማለዳ ሚስተር ዊልያምስ ወደ ሥራ የሚወጣውን ሰው በቡና ሰዓት ፕሮግራም ይቀሰቅሱ ነበር፤ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤታቸው ሄደው ታሪክ ሲያስተምሩ ይውሉና ከቀትር በኋላ ወደ ማይክሮፎኑ ይመለሱ ነበር። ጧት ያደመጣቸው ልጅ በቀን በክፍል ውስጥ ያገኛቸዋል፤ ማታ ደግሞ ከእናቱ ጋር ይሰማቸዋል። ባንድ ሰው ላይ የመምህር፣ የጨዋታ ዐዋቂና የጋዜጣ ጸሐፊ ማዕርግ የተደራረበበት ይህ ነገር ጣቢያው ከሕዝቡ ጋር የነበረውን ዝምድና በደንብ ያስረዳል።

ባሎች ሥራ ከሄዱ በኋላ ያለው ሰዓት የሴቶች ነበር። በ1949 ሚስስ ዊላ ሞንሮ የቤት እመቤቶችን ፕሮግራም ጀመሩ፤ በደቡቡ አገር ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴት የራዲዮ ተናጋሪዎች አንዷ ናቸው። ፕሮግራማቸው ስለ ምግብ አሠራርና ስለ ቤት አያያዝ ሲሆን፣ የነጮቹ ጋዜጦች የማያወጡትን የጥቁር ሴቶች ማኅበርና የግብዣ ወሬም ይጨምር ነበር። በኋላም ሚስስ ማርታ ጂን ስታይንበርግ «ንግሥቲቱ» በሚል ስም ታወቁ። ሚስተር ኤ. ሲ. ዊልያምስ፣ እርሳቸውም መምህር ነበሩ፣ የወጣቶችን መዘምራን አቋቁመው የተማሪዎቹን ሰዓት ይመሩ ነበር። መንፈሳዊ መዝሙር በየቀኑ የማይቀር ክፍል ነበረው። ሚስተር ሩፈስ ቶማስም በቲያትር ቤት የለመዱትን ጨዋታ ወደ ራዲዮ አመጡ።

ከዴልታው መጥቶ ሥራ የለመነ አንድ ወጣት ጊታር መቺም አንድ የመድኃኒት ውሃ እያስተዋወቀ የሚዘፍንበት ጥቂት ደቂቃ ተሰጠው። «የቢል ጎዳና የብሉዝ ልጅ» ይባል ስለ ነበር ስሙ አጥሮ ቢ. ቢ. ኪንግ ሆነ፤ በዚሁ ስም በዓለም ሁሉ ታወቁ።

የበጎ ፈቃድ ማስታወቂያ

ስለ ጣቢያው የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ ዘፈኑ ነው፤ ለአኗኗር ተመራማሪ ግን ከዘፈኑ ይልቅ በዘፈኖቹ መካከል ይነገር የነበረው የበጎ ፈቃድ ማስታወቂያ የበለጠ ይጠቅማል። ይህ ማስታወቂያ ገንዘብ አይከፈልበትም ነበር። ልጅ የጠፋባት እናት፣ ከብት የጠፋበት ገበሬ፣ ሥራ የሚፈልግ ሰው፣ ቤቱ የተቃጠለበት አባወራ፣ የማኅበር ስብሰባ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ያለው ሁሉ ለጣቢያው ያስታውቃል፤ ጣቢያውም ያን ለሕዝቡ ይነግራል። ያገኘ ወይም ያየ ሰው ለጣቢያው ይመልሳል።

እዚህ ላይ የአዋጅ ነጋሪንና የአፈላላጊን ልዩነት ማሰብ ይጠቅማል። አዋጅ ነጋሪ ከላይ የወረደውን ቃል ለሕዝብ ያሰማል፤ ሕዝቡም ሰምቶ ይበተናል። አፈላላጊ ግን ከሕዝቡ አንዱ የጠየቀውን ለሌሎቹ ያደርሳል፤ መልሱንም ይዞ ይመለሳል። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ጣቢያዎች እንደ አዋጅ ነጋሪ ሲሠሩ፣ ይህ ጣቢያ በበጎ ፈቃድ ማስታወቂያው አፈላላጊ ሆነ። ስልክ የሌለው፣ ማንበብ የማይችል፣ ከፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ መቆም የሚፈራ ሰው የሚያመለክትበት ቦታ አገኘ። ከሁሉም በላይ፣ በማስታወቂያው ውስጥ ስሙ የሚጠራው ሰው በክብር ይጠራ ነበር። በጋዜጣ ላይ መጠሪያ ስሟ ብቻ የሚጻፍ ባልቴት ጎረቤቶቿ ሁሉ በሚሰሙት ራዲዮ «ሚስስ» ተብላ መጠራቷ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚህ ማስታወቂያ የእርዳታ ሥራ ተወለደ። ከ1949 ጀምሮ በየዓመቱ በክረምት፣ በኋላም ደግሞ በበጋ ታላቅ የዘፈን ትርኢት እየተደረገ ገቢው ለበጎ አድራጎት ይውል ነበር። በዚህ ገንዘብ ለችግረኞች የገና ስጦታ ተሰጠ፤ አካላቸው የተጎዳ ጥቁር ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት የሚያመላልስ አውቶቡስ ተገዛ፤ ለጥቁር ልጆችም ብዙ የቤዝቦል ቡድኖች ተቋቋሙ።

«ጠይሟ አሜሪካ ትናገራለች»

የቃል ክርክርን በተመለከተ የጣቢያው ዋና ፕሮግራም «ጠይሟ አሜሪካ ትናገራለች» የተባለው ነው። ይህም ሚስተር ዊልያምስ እየመሩት ጥቁር ሐኪሞች፣ መምህራን፣ ቀሳውስትና ነጋዴዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራና ስለ ዘር ጉዳይ የሚወያዩበት ነበር። በዚያ ጊዜ በደቡቡ አገር በራዲዮ እንዲህ ያለ ውይይት ማሰማት ደፋርነት ነበረ። ፕሮግራሙ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከነበረው የራዲዮ ትምህርት ተቋም ሽልማት አግኝቷል።

የውይይቱ ጥቅም በተባለው ነገር ብቻ አልነበረም። ጥቁሮች በመካከላቸው ሲለያዩ፣ አንዱ ሲያረጋግጥ ሌላው ሲያፈርስ፣ በሥርዐት ሲከራከሩ መሰማታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ራዲዮ የጥቁር ድምፅ ሆኖ የሚሰማው አብዛኛው ጊዜ ነጮች ተዋንያን ለመሣለቂያ የሚያስመስሉት ንግግር ነበርና።

ድምፅና ርስት

በ1954 ጣቢያው ወደ 1070 ኪሎ ኸርዝ ተዛውሮ በ50,000 ዋት ማሰራጨት ጀመረ፤ ይህም በአሜሪካ ለመካከለኛ ሞገድ የሚፈቀደው ከፍተኛው ኀይል ነው። ድምፁም ከከተማው ወጥቶ ዴልታውን በሞላ አዳረሰ። ከአሜሪካ ጥቁሮች ከአሥር አንዱ ባለበት አገር እንደሚሰማ ጣቢያው ለማስታወቂያ ሰጪዎች ይናገር ነበር። በጥጥ እርሻ መካከል ያለው የእኩል አራሽ በከተማ ያሉ ወንድሞቹ ሲወያዩና ሲቀልዱ ሰማ። ያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት ያለው መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ የፈረደበት ዓመት ነው።

ነገር ግን የስርጭቱን ክፍል በዓይነ ሕሊና ለተመለከተ ሰው ሌላ ነገር ይታየዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተናጋሪው ጥቁር በማይክሮፎኑ ፊት ሲቀመጥ፣ ከመስታወቱ ማዶ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነጭ ነበር፤ ዘፈኑን የሚያስነሣው፣ ድምፁን የሚከፍተውና የሚዘጋው እርሱ ነው። ባለቤትነቱም በ1957 ወደ ሶንደርሊንግ ኩባንያ ሲዛወር የሄደው ከነጭ ወደ ነጭ ነው። እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ድረስ የበላይ አስተዳደሩ በነጮች እጅ ቆየ። የጣቢያው ደግነትም ወሰን ነበረው፤ አውቶቡሱ ልጆቹን ያመላልስ የነበረው ለጥቁሮች ብቻ ወደ ተለየው ትምህርት ቤት ነው። ቁስሉን ያጥብ ነበር እንጂ ያቈሰለውን አዋጅ ፊት ለፊት መቃወምን መርሑ አላደረገም።

እንግዲህ ጣቢያው የማን ነበር? ሰነዱን ለሚያይ ዳኛ መልሱ ግልጽ ነው። ግን ድምፅ እንደ መሬት አይደለም፤ መሬት ባለቤቱ ባይኖርበትም የእርሱ ነው፤ ድምፅ ግን የሚሰማው ሲያጣ ይጠፋል። ባለቤቶቹ ማሰራጫውን ሊሸጡ ይችሉ ነበር፤ ሕዝቡ የሰጠውን አመኔታ ግን ከሕዝቡ ውጭ ሊሸጡት አይችሉም ነበር። የእኩል አራሹ በሌላው መሬት ላይ ዘርቶ ግማሹን እንደሚያስረክብ፣ የጣቢያው ተናጋሪዎችም ትርፉን አስረክበው ቃሉን ለራሳቸው አስቀሩ። የቀረው ቃል ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው ከብዙ ዓመት በኋላ ታየ።

ከ1968 እስከ 1991

የካቲት 1 ቀን 1968 በሜምፊስ ሁለት ጥቁር የቆሻሻ ሠራተኞች በዝናብ ቀን በመኪናው መጭመቂያ ተይዘው ሞቱ። የካቲት 12 ቀን 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በሰልፋቸው ላይ የያዙት ጽሑፍ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ነበር። ከላይ ስለ አጠራር የተነገረውን ያስታወሰ አንባቢ ይህ ቃል ለ«አንተ ልጅ» የተሰጠ መልስ መሆኑን ያስተውላል። ሠራተኞቹን ለመርዳት የመጡት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን በሎሬይን ሆቴል ሰገነት ላይ ተገደሉ። በዚያች ሌሊት በብዙ ያሜሪካ ከተሞች ያሉ የጥቁሮች ጣቢያዎች የዘወትሩን ፕሮግራም ትተው ሕዝቡን ሲያጽናኑና ሲመክሩ አደሩ። ሚያዝያ 16 ቀን ከተማው የሠራተኞቹን ማኅበር ተቀብሎ አድማው አበቃ።

ሎሬይን ሆቴል ከዚያ በኋላ እየፈረሰ ሄዶ በ1982 በዕዳ ለሐራጅ ቀረበ። ያን ጊዜ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ጥቁር ነበሩ፤ ሚስተር ቻክ ስክራግስ ይባላሉ። ከጠበቃው ከሚስተር ዳርሚ ቤይሊና ከሌሎች የከተማው ሰዎች ጋር ሆነው ማኅበር አቋቋሙ፤ ጣቢያውም አድማጮቹን ገንዘብ እንዲያዋጡ ለመነ። በታኅሣሥ 1982 ማኅበሩ ሆቴሉን በ144,000 ዶላር ገዛ፤ በ1991ም የብሔራዊ የሲቪል መብት ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ።

በዚህ ልመና ውስጥ የምናየው አዲስ ነገር አይደለም፤ ያው የበጎ ፈቃድ ማስታወቂያ ነው። ቀድሞ «ልጅ ጠፍቷል፤ ያየ ይንገረን» ይል የነበረው ድምፅ አሁን «ቦታችን ሊጠፋ ነው፤ ያለው ይስጠን» አለ። ሕዝቡ የተጠየቀውን የሰጠው ከ30 ዓመት በላይ ሲጠይቅ መልስ ያገኝበት ከነበረው ድምፅ ስለ ሆነ ነው። ርስት ያልነበረው ድምፅ በመጨረሻ ለሕዝቡ የሚታይና የሚዳሰስ ርስት ገዛለት።

ሚስተር ዊልያምስ በ1972 በሕመም ምክንያት ከሥራ ወጥተው በ1983 ዐረፉ። በኋለኛው ዘመን የጣቢያው ክርክር በስልክ ሆነ፤ ሚስ ቤቭ ጆንሰን በሚመሩት ፕሮግራም አድማጩ ከቤቱ ሆኖ ይናገር ጀመር። ጣቢያው በ1070 ኪሎ ኸርዝ ዛሬም አለ፤ ባለቤትነቱ ግን ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ሲተላለፍ ኖሯል። ስለዚህ የአንድን ጣቢያ ታሪክ የሚመረምር ተማሪ በባለቤቶቹ ሰነድና በማሰራጫው ኀይል ላይ ብቻ እንዳይቆም እንመክራለን። ማን ተጠራበት? በምን ስም ተጠራ? የጠየቀስ መልስ አገኘበት ወይ? ብሎ ይመርምር፤ የአንድ ጣቢያ እውነተኛ ታሪክ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ውስጥ ይገኛልና።